ግፊትና ማዘንበል የሚያውቅ የኪቦርድ ቁልፍ፦ ከተበላሸ ጆይስቲክ እስከ ማግኔት

ተራ የኪቦርድ ቁልፍ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ተጭነውኛል ወይም አልተጫኑኝም። በኃይል ብትደበድቡት፣ በቀስታ ብትነኩት ለእሱ ያው ነው። ወደ ግራ ብትገፉት፣ ወደ ቀኝ ብትገፉትም ያው። የራሱን ኪቦርድ መሥራት የጀመረ ሰው ግን አንድ ቀን ይሄ ያንስበታል። ቀስ ሲሉት አንድ ፊደል፣ ጫን ሲሉት ሌላ የሚሰጥ ቁልፍ ያምረዋል። በተለይ እንደኛ አንድ ፊደል ሰባት መልክ ላለው ሰው፣ አንድ ቁልፍ ዘንበል ሲል ለ ወደ ላ ቢቀየርለት ትልቅ ግልግል ነው።

ይሄ ሐሳብ የመጣለት ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ኢንተርኔት ገብቶ ዝግጁ ስዊች መፈለግ ነው። ብዙ አትድከሙ። ግፊትንም ማዘንበልንም የሚለካ፣ ተራ ቦርድ ላይ ሶልደር ተደርጎ ወዲያው የሚሠራ ስዊች እንደ ተራው ስዊች በየሱቁ አይሸጥም። ክፍሎቹን አሰባስቦ መሥራት ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ከሚያስፈልገው ውስጥ ዋናው ክፍል ምናልባት ሰፈራችሁ ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ጥግ ላይ ተጥሎ ይሆናል።

ሌላም ነገር ከወዲሁ ልበል። ሁሉንም ቁልፍ እንዲህ ለማድረግ አትነሱ። 60 ቁልፍ ማለት 60 ሴንሰር፣ 60 ማስተካከያ፣ 60 የሚበላሽ ነገር ነው። ፊደሎቹ ተራ ስዊች ይሁኑ። ብልጡ ቁልፍ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም አውራ ጣት ስር። አውራ ጣት ስፔስ ከመምታት በቀር ሥራ የለውም፣ ሥራ እንስጠው።

መጀመሪያ፦ የምትለኩትን ለዩ

ሰው «ግፊት» ሲል ሁለት ነገር ያቀላቅላል። አንዱ ቁልፉ ምን ያህል ወረደ የሚለው ነው። ሌላው ጣት በምን ያህል ጉልበት ተጫነ የሚለው ነው። ቁልፉ ውስጥ ሞላ ስላለ እስከ ታች ድረስ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ በወረደ ቁጥር ሞላው የበለጠ ይገፋል። ታች ከነካ በኋላ ግን መንገዱ ያልቃል፣ ጉልበቱ ይቀጥላል።

ለምሳሌ ቼሪ ኤምኤክስ የሚባለውን የታወቀ ስዊች ውሰዱ። ጠቅላላ መንገዱ 4 ሚሊሜትር ነው፣ ሥራውን የሚጀምረው 2 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ቀዩ ሞዴል እዚያ ለመድረስ 45 ሴንቲኒውተን ይበቃዋል፤ 46 ግራም ገደማ ክብደት ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲተይብ ከዚያ በላይ ይደበድባል፣ በየምቱም ታች ይነካል። ስለዚህ መንገድ የሚለካ ሴንሰር ብትገጥሙ ለደብዳቢ ሰው ሁልጊዜ «ሙሉ» የሚል መልስ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ለስላሳ ጣት ካላችሁ መንገድ የሚለካው ይበቃል። ጣታችሁ ከባድ ከሆነ ጉልበት የሚለካ ያስፈልጋል። ይሄን ሳትወስኑ ገንዘብ አታውጡ።

ሦስተኛው ማዘንበል ነው፣ ማለትም ቁልፉ ወደ የት አቅጣጫ ተገፋ። ይሄ ለብቻው ሴንሰር የሚፈልግ ይመስላል፣ ግን ሁልጊዜ አይፈልግም። አራት የግፊት ሴንሰር በአንድ ሰፊ ቁልፍ አራት ጎን ካስቀመጣችሁ፣ የትኛው በለጠ የሚለውን አይቶ አቅጣጫውን ማወቅ ይቻላል። ድምራቸው ደግሞ ግፊቱ ነው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ሲገዙ የሚያሳስቱ ነገሮች

«ቲልት ስዊች» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ኤስደብልዩ 520 የሚባል ቤተሰብ ነው። ትንሽ ቆርቆሮ ሲሊንደር ናት፣ ውስጧ ብረት ኳስ ይንከባለላል። ርካሽ ስለሆነች ታጓጓለች። ለኪቦርድ ቁልፍ አትሆንም። እሷ የምታውቀው ዕቃው ሲገለበጥ ነው፣ ጣታችሁ በጥቂት ዲግሪ ያዘነበላትን አታይም፣ በየንዝረቱም ትንጫጫለች። ኳሱ በሜርኩሪ የተተካበት የድሮ ዓይነትም አለ፤ እሱን ቤታችሁ ባታስገቡት ይሻላል፣ ከተሰበረ መርዝ ነው።

ሁለተኛው ማሳሳቻ ማግኔታዊ ስዊች ነው። የኔዘርላንዱ ዉቲንግ 60ኤችኢ በሚባለው ኪቦርዱ ይሄን ነገር ፋሽን አድርጎታል፣ ጌትሮንን የመሳሰሉ ስዊች ሠሪዎችም ስዊቹን ለብቻው ይሸጣሉ። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ስዊቹ ውስጥ ማግኔትና ሞላ እንጂ ሌላ ምንም የለም። የሚለካው ሆል ሴንሰር፣ ማለትም የማግኔትን ጉልበት የሚያነበው ክፍል፣ ቦርዱ ላይ ነው ያለው፣ ከስዊቹ ስር። ስዊቹን ብቻ ገዝታችሁ ተራ ቦርድ ላይ ብትሰኩት ዝም ይላል። ማግኔቱ የተቀመጠበት ቦታም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ቦርዱና ስዊቹ መስማማታቸውን አረጋግጡ።

ባለ አምስት አቅጣጫ ስዊችም አለ። አራት ጎንና አንድ ወደ ታች። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለመሰካት ቀላል ነው። ግፊት ግን አያውቅም፣ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው የሚለው። ማዘንበል ብቻ ለሚበቃው ሰው እዚሁ ላይ ማቆም ይችላል፤ የተቀረው ጽሑፍ ግፊትም ለሚፈልግ ነው።

ከአሮጌ ቲንክፓድ ላፕቶፕ የሚወጣው ቀይ እንብርትስ? አይቢኤም በ1992 ያመጣው ትራክፖይንት ማለቴ ነው። እሱ ሳይንቀሳቀስ የጎን ጉልበትን ይለካል፣ እጅግ ስስ ነው፣ እኔም በጣም ነው የምወደው። ችግሩ የመስመሮቹ አቀማመጥ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ሽቦዎቹም ጸጉር ናቸው። ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም።

1ኛው መንገድ፦ የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። በ2000 ከፕሌይስቴሽን 2 ጋር የወጣው ዱዋልሾክ 2 ጆይስቲክ ቁልፎቹ ግፊት ይለካሉ። አራቱ የአቅጣጫ ቁልፎች፣ አራቱ ባለ ምልክት ቁልፎች፣ ከፊት ያሉት አራቱ፤ በጠቅላላው 12። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ቁጥር ይሰጣል። የፕሌይስቴሽን 3ቱም ይሄ አለው፣ በፕሌይስቴሽን 4ቱ ግን ከፊት ካሉት ሁለት ማስፈንጠሪያዎች በቀር ቀርቷል።

አሁን የአቅጣጫ ቁልፉን አስቡት። አንድ ላይ የተያያዘ መስቀል፣ መሀሉ ላይ የሚወዛወዝበት እግር፣ ከስሩ አራት ጎማ፣ ከጎማው ስር ካርቦን የተቀባ ስስ ፕላስቲክ። ጎማው ካርቦኑ ላይ በተጫነ ቁጥር ይለጠጣል፣ የሚነካው ስፋት ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክልበት መጠን፣ ይወርዳል። የምንፈልገው ግፊትና ማዘንበል የሚለካ ቁልፍ ፋብሪካ ሠርቶ ጨርሶታል ማለት ነው!

አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ጨዋታ ቤት ጠይቁ። ዱላው የላላ ወይም ገመዱ የተቆረጠ ጆይስቲክ ለባለቤቱ ቆሻሻ ነው፣ ለእናንተ ግን ምንም አልሆነም። ዋናው ኦርጅናል መሆኑ ነው። ቅጂዎቹ ብዙ ጊዜ የግፊት ንብርብሩን ይተዉታል፤ ግፊት ሲጠየቁ 0 ወይም 255 ብቻ ይመልሳሉ። ሽፋኑን ክፈቱና ከጎማው ስር ያለውን እዩ። ጎማው የሚያርፈው ጠንካራው ሰርኪት ቦርድ ላይ ከሆነ ተዉት። ስስ፣ የሚታጠፍ ፕላስቲክ ላይ ከሆነ ውሰዱት።

ከዚያ እንዲህ ሂዱ።

በመጀመሪያ ጽዳት። ፕላስቲኩንና ጎማውን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። አትፈትጉ፣ ካርቦኑ ይነሳል። ስሱ ፕላስቲክ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በስፖንጅ ተጭኖ ከሆነና ስፖንጁ ከእርጅና ከሟሸሸ፣ ከስሩ የታጠፈ ወረቀት አስገቡ። ቁልፉ ሳይነካ ራሱ የሚጫን ጆይስቲክ አይታችኋል? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ቀጥሎ ሽቦ። ጆይስቲኩን መፍታት አያስፈልግም፣ ከነቦርዱ ተጠቀሙበት። መሰኪያው 9 ፒን አለው። 1ኛው ዳታ፣ 2ኛው ኮማንድ፣ 3ኛው የሞተር ኃይል፣ 4ኛው ግራውንድ፣ 5ኛው 3.3 ቮልት፣ 6ኛው አቴንሽን፣ 7ኛው ክሎክ ነው። 8ኛው ሥራ የለውም፣ 9ኛው አክኖውሌጅ ነው፣ ለመሞከሪያ ባይገናኝም ይሆናል። ንዝረት ስለማንፈልግ 3ኛውን ተዉት። ገመድ ስትቆርጡ በሽቦው ከለር አትመኑ፣ በቴስተር ከፒኑ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ተከተሉ።

ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ማለትም ቁጥሩን አንብቦ ኮዳችሁን የሚያስኬደው ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ራስበሪ ፓይ ፒኮ ቢሆን ጥሩ ነው። ራሱ በ3.3 ቮልት ስለሚሠራ ከጆይስቲኩ ጋር ያለ ምንም መቀየሪያ ይግባባል። አርዱዊኖ ዩኖ 5 ቮልት ነው፣ መሀል ላይ የቮልት መቀነሻ ይፈልጋል። ዳታ መስመሩ ላይ ወደ 3.3 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር አድርጉ፣ ከ1 እስከ 10 ኪሎ ኦም ያለው ሁሉ ይሆናል። እሱ ከሌለ የሚመጣው ቁጥር ትርጉም የለሽ ይሆናል።

ከዚያ ንግግር። ለአርዱዊኖ ፒኤስ2ኤክስ የሚባል ላይብረሪ አለ፣ ሲነሳ «ግፊት አንብብ» የሚለውን ምርጫ አብሩለት። በፒኮ ራሳችሁ የምትጽፉት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጆይስቲኩ ባይቱን የሚልከው ከትንሹ ቢት ጀምሮ ነው፣ የፒኮ ኤስፒአይ (ዳታ የሚላላክበት መስመር) ደግሞ ከትልቁ ብቻ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ በኮዱ ውስጥ እያንዳንዱን ባይት መገልበጥ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስትነቅሉና ስትሰኩ ትውላላችሁ። ግፊቱ መብራቱን የምታውቁት ከመልሱ መለያ ነው። በሄክሳዴሲማል 73 ከሆነ ዱላዎቹ ብቻ ናቸው የበሩት። 79 ከሆነ ግፊቱም በርቷል።

ቁጥሩ ስክሪን ላይ ሲመጣ መስቀሉን በቀስታ ተጫኑና ተመልከቱ። 20፣ 60፣ 140 እያለ ከወጣ አለቀ፤ ከባዱን ክፍል ጨርሳችኋል።

2ኛው መንገድ፦ በእጅ የተሠራ የግፊት ሴንሰር

ጆይስቲክ ያላገኘ ወይም የራሱን ቅርጽ የሚፈልግ ቬሎስታት ይጠቀም። ካርቦን የተቀላቀለበት ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ በስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚበላሽ ዕቃ ለመጠቅለል ነው የተፈለሰፈው። ሲጨመቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። ካጣችሁት ደግሞ አይሲዎች ተሰክተውበት የሚመጡት ጥቁሩ ስፖንጅ ተመሳሳይ ጠባይ አለው፣ ጥራቱ ዝቅ ቢልም ለሙከራ ያገለግላል።

ከታች የመዳብ ቴፕ፣ መሀል ቬሎስታት፣ ከላይ የመዳብ ቴፕ። መሀሉ ከሁለቱም መዳብ በሁሉም ጎን 1 ሚሊሜትር ይብለጥ፣ አለበለዚያ መዳቦቹ ተነካክተው ሾርት ያደርጋሉ። ለአንድ ቁልፍ 10 ሚሊሜትር ስፋት ይበቃል። ሽቦውን መዳቡ ላይ ሶልደር የምታደርጉት ቬሎስታቱን ከማስገባታችሁ በፊት ነው፣ ሙቀት ያቀልጠዋል። ከላይ ትንሽ የሲሊኮን ወይም የጎማ ክብ ለጥፉ። ጣት ወይም ቁልፍ በቀጥታ ካረፈበት ግፊቱ አንዴ ጠርዝ ላይ አንዴ መሀል ላይ ስለሚሆን ቁጥሩ ይዘላል፤ ጎማው ያንን ያስተካክለዋል።

ሬዚስታንስን ወደ ቮልት ለመቀየር ከሴንሰሩ ጋር በተከታታይ አንድ ሬዚስተር ይገባል። ስንት ኦም? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ 10 ኪሎ ይላል፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ። በቴስተር ለኩት። በቀስታ ሲጫን 30 ኪሎ ኦም፣ በኃይል ሲጫን 1 ኪሎ ኦም አገኛችሁ እንበል። ሁለቱን አባዙና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ 5.5 ኪሎ ይመጣል። ገበያ ላይ ያለው ቅርቡ 5.6 ነው። በእሱ ቀስታው 0.52 ቮልት፣ ኃይለኛው 2.8 ቮልት ይሰጣል። ባለ 12 ቢቱ ፒኮ ላይ ከ640 ገደማ እስከ 3470 ገደማ ማለት ነው፣ ሰፊ ሜዳ ነው። በ10 ኪሎው ቢሆን 0.83 እና 3 ቮልት ነበር፤ ይሠራል፣ ግን ጠባብ ነው።

ቬሎስታት ይደክማል። ተጭኖ ከቆየ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ሲለቀቅም ወዲያው ወደ ቦታው አይመለስም። ለሚዛን አይሆንም፣ ለ«ቀስ» እና ለ«ጫን» ይበቃል። የተሻለ የሚፈልግ ፋብሪካ የሠራውን የግፊት ሴንሰር፣ ኤፍኤስአር የሚባለውን፣ ይግዛ። የኢንተርሊንክ 400 ተከታታይ ከ0.2 እስከ 20 ኒውተን ገደማ ይለካል፣ ሳይነካ ከ10 ሜጋ ኦም በላይ ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ አለው፦ ጭራው ላይ በቀጥታ ሶልደር አታድርጉ፣ የጭራውን ጫፍም በማጣበቂያ አትድፈኑት፣ አየር የሚተነፍስበት እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ ሰነፎች የሚወዱት ዘዴም አለ። ኪቦርዱን ሳትነኩ አራት ኤፍኤስአር ከአራቱ እግሮቹ ስር አድርጉ። የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ተራው ማትሪክስ፣ ማለትም የቁልፎቹ የሽቦ መረብ፣ ይነግራችኋል፤ በምን ያህል ጉልበት እንደተጫነ የአራቱ ድምር ይነግራችኋል። ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቁልፍ ነው የሚመታውና በአብዛኛው ይሠራል፣ ሁሉም ቁልፍ በአንዴ የግፊት ቁልፍ ሆነ ማለት ነው። የሚያስቸግረው መዳፋችሁን ኪቦርዱ ላይ የምታሳርፉ ከሆነ ነው። ቀስ እያለ የሚለዋወጠውን ክብደት በኮድ እየቀነሳችሁ ድንገተኛውን ብቻ ውሰዱ።

3ኛው መንገድ፦ አንድ ማግኔት፣ አንድ ሴንሰር

ይሄ ከሁሉም ያምራል፣ ከሁሉም ትዕግሥት ይጠይቃል። ተራ ሆል ሴንሰር ማግኔቱ ምን ያህል እንደቀረበ ብቻ ይለካል። ባለ ሦስት አቅጣጫው ግን ወደ ጎን መሄዱንም ያያል። ሜሌክሲስ የሚሠራው ኤምኤልኤክስ 90393 እና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚሠራው ቲኤምኤጂ 5273 ለዚህ ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው በአዳፍሩት፣ ሁለተኛው በስፓርክፈን ትንሽ ቦርድ ላይ ተሶልድረው ይሸጣሉ። ውጭ ያላችሁ በቀላሉ ታዛላችሁ። አገር ቤት ያለን ደግሞ መጪ ዘመድ መጠበቅ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፣ የሻንጣ ኪሎ አይበላም፣ ማንም እምቢ አይላችሁም።

ማግኔቱ ኒዮዲሚየም ይሁን፣ 5 ሚሊሜትር ስፋት፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት። ከቁልፉ ሆድ ስር ለጥፉት፣ ሴንሰሩ በትክክል ከስሩ ይሁን። ሳይነካ በመሀላቸው 8 ሚሊሜትር፣ ሙሉ ሲጫን 4 ሚሊሜትር እንዲቀር አድርጉ። የተለመደው ኤን35 ማግኔት ከሆነ በስሌት 8 ሚሊሜትር ላይ 9 ሚሊቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ፣ 4 ላይ 45 ገደማ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ አምስት እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አትጠቀሙበት፤ በየግማሽ ሚሊሜትሩ ለክታችሁ ትንሽ ሰንጠረዥ ኮዱ ውስጥ አስቀምጡ።

ቁልፉ የሚወዛወዝበት ነገር ነው ራስ ምታቱ። ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ቲፒዩ በሚባለው ጎማ መሰል ፕላስቲክ ስስ ቀለበት ያትም። የሌለው አሮጌ ሪሞት ፈቶ ቁልፎቹ ያሉበትን የጎማ ንጣፍ ያውጣ፤ አራት ጉብታ ያለበትን ቁራጭ ቆርጦ የቁልፉን ሰሌዳ ከላይ ያሳርፍበት። ጎማው ይመልሰዋል፣ ማግኔቱ መሀል ላይ ይወርዳል። ማዘንበሉ ከ8 ዲግሪ እንዳያልፍ ዙሪያውን በጠርዝ ገድቡት። 18 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ቁልፍ ያ ማለት ጠርዙ 1.25 ሚሊሜትር ብቻ ይወርዳል ማለት ነው። ለጣት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቁልፉ የላላ ይመስላል።

የመያዣው ሰሌዳ ብረት አይሁን፣ ማግኔቱን ይስባል፣ ልኬቱንም ያዛባል። አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ይሁን። ጎን ለጎን ሁለት እንዲህ ያለ ቁልፍ ካላችሁ በተለመደው 19.05 ሚሊሜትር ርቀት የአንዱ ማግኔት ሌላው ላይ የሚያሳድረው ግማሽ ሚሊቴስላ ገደማ ነው፤ ሲነሳ በሚደረግ ማስተካከያ ይጠፋል። ስፒከር ወይም ጀርባው ማግኔት የሆነ ስልክ አጠገቡ ካስቀመጣችሁ ግን ያብዳል።

ኮዱ ምን ማድረግ አለበት

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ሎጂኩ አንድ ነው። ሲነሳ፣ ጣት ሳይነካው፣ ለግማሽ ሴኮንድ አንብቡና አማካዩን «ዜሮ» በሉት። ከዚያ የሚመጣውን ሁሉ ከእሱ ቀንሱ።

አንድ ወሰን ብቻ አታድርጉ። «ከ25 በላይ ተጭኗል፣ በታች ተለቋል» ካላችሁ ጣት 25 ላይ ሲንቀጠቀጥ ፊደሉ አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ለመብራት 25፣ ለመጥፋት 15 አድርጉ። ለ«ጫን» ደግሞ 160 ላይ ይብራ፣ ከ130 በታች ሲሆን ይጥፋ። እነዚህ ከ0 እስከ 255 ለሚሰጠው ጆይስቲክ ናቸው፣ እንደጣታችሁ አስተካክሉ። ሦስትና አራት የግፊት ደረጃ ማድረግም ያጓጓል። ይቅርባችሁ፣ ስክሪን ሳያይ ሦስት ደረጃ በትክክል የሚለይ ጣት ብርቅ ነው።

አቅጣጫውም እንደዚያው ነው። ስምንት አቅጣጫ በወረቀት ላይ ያምራል፣ በፍጥነት ሲተየብ ግን ማዕዘኖቹ ይሳሳታሉ። አራት ይበቃል፣ ማግኔታዊውን ከሠራችሁ ደግሞ መሀሉ ላይ ምንም የማይቆጠርበት ቦታ ተዉ።

ወደ ፊደላችን ስናመጣው

ተራዎቹ ቁልፎች የፊደል ቤቱን ይምረጡ፣ የአውራ ጣቱ መስቀል ቅጥያውን። ቤቶቹ ከ30 በላይ ስለሆኑ በተለመደው የኪቦርድ መጠን ይገባሉ። የኔ አደላደል ይሄ ነው። መስቀሉ ካልተነካ ሳድስ፣ ምክንያቱም በብዛት የምንተይበው እሱን ነው። ወደ ላይ ግእዝ። ወደ ታች ቀስ ካዕብ፣ ጫን ሳብዕ። ወደ ግራ ቀስ ሣልስ፣ ጫን ኃምስ። ወደ ቀኝ ቀስ ራብዕ፣ ጫን ደግሞ ሏ፣ ሟ፣ ሯ የሚባሉት። በድምፅ የሚቀራረቡት አንድ አቅጣጫ ላይ ስለሆኑ ጭንቅላት ቶሎ ይለምደዋል።

ፊደሉን የምትልኩት የቤቱ ቁልፍ ሲለቀቅ ነው፣ ሲጫን አይደለም። አውራ ጣት አንዳንዴ ቀድሞ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል። ቁልፉ ተጭኖ እስኪለቀቅ ባለው ጊዜ ውስጥ መስቀሉ የደረሰበትን ከፍተኛ ግፊት ያዙና በእሱ ወስኑ።

ስሌቱ በጣም ቀላል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። የተሰለፈውም እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ይዞ ነው። በተራ ቁጥር ሀ 4608 ነው፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632። ሉ ለማግኘት ለ ላይ 1 መደመር ነው፣ ላ ለማግኘት 3፣ ሏ ለማግኘት 7። ለኮዱ ሙሉ ሰንጠረዥ መጻፍ አያስፈልግም፤ የየቤቱ መነሻ ቁጥር ብቻ ይበቃል።

ኪቦርድ ግን በዩኤስቢ ፊደል አይልክም፣ የቁልፍ ቁጥር ነው የሚልከው። ኪውኤምኬ የሚባለው ነጻ የኪቦርድ ሶፍትዌር ለዚህ የዩኒኮድ ዘዴ አለው። ሊኑክስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ ተጭኖ የሄክሳ ቁጥሩን የሚተይበውን አሠራር ይጠቀማል፣ ዊንዶውስ ላይ ዊንኮምፖዝ የሚባል ፕሮግራም መጫን አለበት። ይሄ ሁሉ የሚያሰለቸው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ኮምፒዩተሩ ላይ ኪማን የሚባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ከነአማርኛ ኪቦርዱ ይጫንና የሠራችሁት ኪቦርድ የላቲን ፊደሎቹን በፍጥነት ይላክለት። ኪማን ራሱ ወደ ግእዝ ይቀይረዋል።

አንድ ወጥመድ ብቻ አለ። ስምንተኛው ቦታ ለሁሉም ቤት አይሠራም። ቀ፣ ኀ፣ ከ እና ገ ላይ 7 ስትደምሩ የሚመጣው እኛ የምንጠቀምበት ፊደል አይደለም። ቋ፣ ኋ፣ ኳ እና ጓ የተቀመጡት ለብቻቸው በተሰጣቸው ረድፍ ነው፣ ከቈ፣ ከኈ፣ ከኰ እና ከጐ ጋር። ለእነዚህ ለአራቱ ኮዱ ውስጥ ለየብቻ ቁጥራቸውን ጻፉ፤ ቋ 4683፣ ኋ 4747፣ ኳ 4787፣ ጓ 4883 ነው።